ከመጠጥ ቤት እስከ ፍርድ ቤት

በበቅሎ ዘመን አንድ ጌታ ከግብዣ ቤት ሰክሮ ሲወጣ አሽከሮቹ ደግፈው ከኮርቻው ላይ ያስቀምጡት ነበር። ልጓሙን መያዝ ቢያቅተው እንኳ በቅሎዋ መንገዱን ታውቀዋለችና ከደጁ አድርሳ ትቆምለታለች። ገደል ብታይ አትገባም፤ በመንገድ ላይ የተኛ ሰው ብታገኝ ዞራ ታልፋለች። ኦቶሞቢል ግን ይህን የመሰለ አስተዋይነት የለውም። ነጂው የሰከረ እንደ ሆነ ኦቶሞቢሉም አብሮት ይሰክራል።

ጠጥቶ የመንዳት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ከብዙ ሰው አፍ የሚወጣው ቃል አንድ ነው፤ «ቅጣቱ ይክበድ!» ይባላል። አምስት ዓመት አነሰ ያለው አሥር ይላል፤ አሥር ዓመት አነሰ ያለው ዕድሜ ልክ ይላል። ይህ ቁጣ ከየት እንደሚመጣ አይጠፋንም፤ ልጁን የቀበረ አባት ከዚህ ያነሰ እንዲናገር የሚጠብቅ ሰው የለም። ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት ነገሩ የተበላሸው በቅጣቱ ማነስ አይደለም። የጠጣውን ነጂ የሚገታው ወደ ፊት በፍርድ ቤት የሚቆረጥበት ዓመት ሳይሆን፣ በዚያው ሌሊት በመንገድ ላይ ተይዞ እንደሚለካ ማወቁ ነው። ልኬቱም ሕጉ ባዘዘው ሥርዓት ያልተፈጸመ እንደ ሆነ የተጻፈው ቅጣት ሁሉ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ይህን በደንብ የሚያስረዳው የእንግሊዝ አገር ታሪክ ስለ ሆነ ጥቂት ልተርከው።

የእንግሊዝ ፓርላማ በ1872 ባወጣው የመጠጥ ፈቃድ ሕግ ሰረገላ፣ ፈረስ፣ ከብት ወይም በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር ይዞ በአደባባይ የሰከረ ሰው እንዲቀጣ ደነገገ። (ስለ ራሳችን ሕግ ካልተናገርሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1897 አንድ የለንደን ባለ ታክሲ ጠጥቶ ሲነዳ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ታክሲውን ከአንድ ሕንፃ ጋራ አላተመና ተቀጣ። ከዚያ ወዲያ ሰባ ዓመት ያህል የሕጉ ችግር ሳይለወጥ ቆየ፤ ይኸውም «ሰክሯል» የሚለው ቃል መለኪያ የሌለው መሆኑ ነበር።

ፖሊሱ «አፉ ይሸት ነበር፤ ዓይኑም ቀልቶ ነበር» ብሎ ይመሰክራል። ሐኪም ይጠራና ተከሳሹን በቀጥታ መሥመር ላይ ያስኬደዋል፤ ከወለል ላይ ሳንቲም ያስለቅመዋል፤ ምላስ የሚያሰናክል ዐረፍተ ነገር ያስደግመዋል። ገንዘብ ያለው ሰው ደግሞ የራሱን ሐኪም አስመጥቶ «ደንግጦ ነው እንጂ አልሰከረም» ያሰኛል። በጁሪነት ከሚቀመጡት ዜጎች መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው ጠጥተው የሚነዱ ስለ ነበሩ «ነግ በእኔ» እያሉ ይለቁታል። እንግዲህ መጠጥ የሚችለው ቀጥ ብሎ በመሄዱ ሲያመልጥ፣ በተፈጥሮው ኰልታፋ የሆነው ወይም ከአደጋው የተነሣ የሚንቀጠቀጠው ሰው ሊፈረድበት ይችላል። ይህ ፍርድ ሳይሆን ዕጣ ነው።

ከዚህ ዕጣ ያወጣቸው ሳይንስ ነው። ስዊድናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ኤሪክ ቪድማርክ በ1930ዎቹ ዓመታት አልኮል ወደ ደም እንዴት እንደሚገባና በምን ያህል ፍጥነት እንደሚወጣ በስሌት አሳየ። ኖርዌይ በ1936 የደም ልክን በቁጥር በሕጓ ውስጥ አስገባች። በ1954 የአሜሪካው የኢንዲያና ፖሊስ ባልደረባ ሮበርት ቦርከንስታይን ከትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ ሠራ። ይኸው ሰው በኋላ በሚሺጋን ግዛት በግራንድ ራፒድስ ከተማ አደጋ የደረሰባቸውን ስድስት ሺህ ያህል ነጂዎች፣ ምንም ካልደረሰባቸው ከሰባት ሺህ ከሚበልጡ ነጂዎች ጋራ አነጻጸረ። በ1964 በወጣው ጥናት እንደ ታየው በመቶ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ያለው አልኮል 80 ሚሊ ግራም ካለፈ በኋላ የአደጋው ዕድል በፍጥነት ያሻቅባል።

በእንግሊዝ ይህን ቁጥር ሕግ ያደረገችው የትራንስፖርት ሚኒስትሯ ባርባራ ካስል ናት። እርስዋ ራስዋ ኦቶሞቢል አትነዳም ነበር፤ ተቃዋሚዎቿም ይህንኑ እያነሡ ተሣለቁባት። ባለ መጠጥ ቤቶች ገበያችንን ልታጠፋ ነው ብለው ጮኹ፤ የማስፈራሪያ ደብዳቤም ይደርሳት ነበር። ቢሆንም ሕጉ ጸድቆ ከጥቅምት 9 ቀን 1967 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። ፖሊሱ ነጂውን ቢጫ ቅንጣቶች በተሞሉ የመስተዋት ቀጭን ቱቦ በኩል ወደ ከረጢት እንዲተነፍስ ያደርገዋል። ቅንጣቶቹ ከምልክቱ አልፈው ወደ አረንጓዴ የተለወጡ እንደ ሆነ ወደ ጣቢያ ይወሰድና ደሙ ወይም ሽንቱ ተወስዶ በላቦራቶሪ ይመረመራል። ከ80 ሚሊ ግራም በላይ የተገኘበት ሰው፣ ቀጥ ብሎ ቢሄድም ባይሄድም፣ ቢያንስ ለ12 ወር መንጃ ፈቃዱን ያጣል። ናሙና አልሰጥም ያለም ከቅጣት አያመልጥም።

በመጀመሪያው ዓመት በመንገድ አደጋ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ካለፈው ዓመት ከ1,100 በላይ ቀነሰ። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሎሬንስ ሮስ ነገሩን ሲመረምር፣ ጉዳቱ ከሁሉ ይልቅ የቀነሰው በሳምንቱ መጨረሻ ሌሊቶች፣ መጠጥ ቤቶች ከተዘጉ በኋላ ባሉት ሰዓታት መሆኑን አገኘ። እንግዲህ ያ ሕዝብ መጠጡን ትቶ መነኰሰ ማለት አይደለም። ብዙዎቹ ወደ መጠጥ ቤት በእግራቸው መሄድ ጀመሩ እንጂ።

የፍርድ ቤቶቹ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለሕግ ተማሪዎችም ሆነ በየመሥሪያ ቤቱ ደንብ ለሚያረቅቁ ወጣት ሹማምንት ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ይመስለኛል። ሕጉ የትንፋሽ መለኪያው የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ያጸደቀው ዓይነት መሆን አለበት ይል ነበር። በ1968 በቀረበ አንድ ክስ ዐቃቤ ሕጉ መሣሪያው የጸደቀ መሆኑን በማስረጃ ሳያረጋግጥ ቀረ፤ ፍርድ ቤቱም ክሱን አልተቀበለውም። ነጂው መጠጣቱ ብቻ አይበቃም፤ ሥርዓቱ ከመጀመሪያው ደረጃ እስከ መጨረሻው በትክክል መፈጸም አለበት አለ። ከዚያ ወዲያ ጠበቆች ከረጢቱ በትክክል ተነፋ ወይስ አልተነፋም፣ ፖሊሱ የደንብ ልብሱን ለብሶ ነበር ወይስ አልነበረም እያሉ ክስን ሁሉ ይመረምሩ ጀመር።

ከዚህ የባሰው በ1971 መጣ። በዚያን ጊዜ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ የነበረው የሎርዶች ምክር ቤት፣ አንድ ሰው ከነዳ በኋላ ናሙናው ሳይወሰድ እንደ ገና የጠጣ እንደ ሆነ የላቦራቶሪው ውጤት ሊያስቀጣው አይችልም ብሎ ፈረደ። ሊቅ ጠርቶ የኋለኛውን መጠጥ በስሌት ማስቀነስም በሕጉ አልተፈቀደም አለ። ብልጣብልጡ ነጂ ነገሩ ወዲያው ገባው። ትንሽ የአልኮል ኮዳ በኪሱ ይዞ ይሄዳል፤ አደጋ ያደረሰ እንደ ሆነ ፖሊስ ሳይደርስ «ለድንጋጤዬ» እያለ ይጐነጫል። ሟቹ በመንገድ ላይ ተዘርግቶ ሳለ ገዳዩ ለማምለጥ ሲል ይጠጣ ነበር ማለት ነው።

ሕዝቡ በዳኞቹ ላይ መቈጣቱ አያስደንቅም። እኔ ግን ዳኞቹን አልወቅስም። ሕጉ «በላቦራቶሪ የተረጋገጠ መጠን» ብሎ ሲጽፍ ዳኛው «በግምት የተቀነሰ መጠን» ብሎ ቢያነበው፣ ነገ ደግሞ ሌላው ዳኛ ንጹሑን ሰው በግምት ወደ ወህኒ ቢልከው ማን ይከለክለዋል? የዳኛ ሥራ የተጻፈውን ማንበብ ነው፤ የጐደለውን መሙላት የሕግ አውጪው ፈንታ ነው። ፓርላማውም ከረዥም ጊዜ በኋላ ሞላው። በ1981 ባወጣው ሕግ ናሙናው ያሳየው መጠን በነዳበት ጊዜ ከነበረው እንደማይበልጥ ይቈጠራል፤ በኋላ ጠጥቼ ነው የሚል ሰው ይህን የማስረዳቱ ሸክም በራሱ ላይ ይወድቃል አለ። አንድ ረቂቅ ሲጻፍ የቀረች አንዲት ዐረፍተ ነገር አሥር ዓመት ሙሉ ወንጀለኛ አሳልፋለች።

ሌላም ነገር ነበር። ካስል ሕጉን ስታወጣ ፖሊስ ያለ ጥርጣሬ ማንኛውንም ነጂ አስቁሞ ይለካ የሚለው አሳብ ከብዙ ተቃውሞ የተነሣ ቀርቶ ነበር። ነጂው በመጀመሪያው ወር በየማእዘኑ ፖሊስ የቆመ መስሎት ፈራ። ሁለት ሦስት ዓመት ሲያልፍ ግን ማንም እንደማያስቆመው ተረዳና ወደ ልማዱ ተመለሰ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ከሞቱት ነጂዎች መካከል ከልኩ በላይ የጠጡት ድርሻ ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ከነበረውም በልጦ ተገኘ። ቁጥሩ ያው፣ ቅጣቱም ያው ሳለ የጠፋው ፍርሃቱ ብቻ ነው። በአንጻሩ የአውስትራሊያዋ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከታኅሣሥ 1982 ጀምሮ ማንኛውም ነጂ በማናቸውም ጊዜ ያለ ጥርጣሬ ተይዞ እንዲለካ አደረገች፤ ሥራውንም አላቋረጠችም። እዚያ የሞቱ ቁጥር ወረደ፤ ወርዶም ቆየ። ስኮትላንድ ደግሞ በታኅሣሥ 2014 ልኩን ከ80 ወደ 50 ሚሊ ግራም ዝቅ አደረገች። በኋላ የመረመሩት ሊቃውንት ግን አደጋው በዚህ ምክንያት ቀንሶ አላገኙትም። ከሰጡትም ምክንያት አንዱ በመንገድ ላይ የሚደረገው ቁጥጥር አብሮ አለመጠንከሩ ሊሆን ይችላል የሚል ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም ሆነ እርሱን የተካው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 50 ሰክሬ ነበር ማለት መሸሸጊያ እንዳይሆን ዘግተዋል። በ1996ቱ ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኛነት ሰው የገደለ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም መቀጮ ይጠብቀዋል፤ ሰውን የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነም ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። በአልኮል ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ራሱን ኃላፊ በማይሆንበት ሁኔታ ላይ ጥሎ የገደለ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት እንደ ተመዘገበው፣ ለነጂ የተፈቀደውም ልክ እንደ እንግሊዙ በመቶ ሚሊ ሊትር ደም 80 ሚሊ ግራም ነው። ቅጣቱ ይክበድ የሚሉ ሰዎች ሕጉን ቢያነቡት ከብዶ ያገኙታል።

የቀለለው ከሕጉ በፊት ያለው ነገር ነው። በእኛ ዘንድ እንግዳ አንድ ብርሌ ጠጅ ጠጥቶ ልነሣ ቢል «በአንድ እግር አይኬድም» ተብሎ ሁለተኛው ይቀዳለታል፤ በሦስተኛው ላይ ኦቶሞቢል መያዙን የሚጠይቀው የለም። በሠርግም ሆነ በመሥሪያ ቤት ግብዣ መሸኘት ማለት እስከ ኦቶሞቢሉ በር መሸኘት ነው። ጥቁር ቡና ያበርደዋል የሚሉም አሉ። ቡና እንቅልፍን ያባርር ይሆናል እንጂ ከደም ውስጥ አልኮልን አያወጣም፤ የሚያወጣው ጊዜ ብቻ ነው።

ጊዜው ግን ለወንጀለኛውም ይሠራለታል። የሰው ጉበት በአንድ ሰዓት ከመቶ ሚሊ ሊትር ደም 15 ሚሊ ግራም ያህል አልኮል ያጠፋል። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ 120 ሚሊ ግራም ኖሮት ሰው የገጨ ነጂ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ሲመረመር ባዶ ሊሆን ነው። በዚያ ሌሊት ትንፋሹ ወይም ደሙ ያልተለካ እንደ ሆነ፣ ዓቃቤ ሕጉ ያንን ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚለውን ንኡስ አንቀጽ በምን ያስረዳል? በምስክሮች አፍንጫ? ይህ እንግሊዞች ከ1967 በፊት ወደ ነበሩበት ወደ ሳንቲም ማስለቀም መመለስ ነው። አደጋው ደግሞ በሁለት ወገን ነው። የሰከረው በጥቂት መቀጮ ይወጣል፤ አንድ ብርጭቆ ብቻ ቀምሶ ያለ ጥፋቱ አደጋ የደረሰበት ደግሞ አፉ ስለ ሸተተ ለረዥም ዓመታት ሊከሰስ ይችላል።

የጫቱንም ነገር ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። የረዥም መንገድ ሾፌር እንቅልፍ እንዳይጥለው ይቅማል፤ ከደረሰ በኋላ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይላል፤ ሲነጋ ደግሞ ከመሪው ላይ ይቀመጣል። የትንፋሹ መሣሪያ የመጠጡን ድርሻ ብቻ ይናገራል። ስለ ጫቱና ስለ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ዕጦት የሚናገረው ነገር የለም፤ ለዚህኛው የሚሻለው ባለቤቱ የጉዞውን ሰዓት እንዲወስንና ሁለተኛ ሾፌር እንዲቀጥር ማስገደድ ነው።

ለጊዜው ግን በእጃችን ባለው መሣሪያ እንሥራ። አደጋ በደረሰበት ሥፍራ የደረሰ ፖሊስ አስቀድሞ ቁስለኛውን ወደ ሐኪም ቤት ይላክ፤ ቀጥሎም ነጂውን ይለካ። የለካበትን ሰዓት፣ የመሣሪያውን ቁጥርና ዓይነት፣ ነጂው ከአደጋው በኋላ ጠጥቶ እንደ ሆነ ያየውን ሰው ስም ጭምር በመዝገቡ ላይ ያስፍር። በቅዳሜ ሌሊትም ማንም አደጋ ሳያደርስ በፊት፣ ባለ ሥልጣኑንም ባለ ታክሲውንም በአንድ ሰልፍ አቁሞ ያስተንፍሳቸው።