«ሰው ያንብብላቸው»

አንድ መሥሪያ ቤት የቅጥር ማስታወቂያ ያወጣል። ጸሐፊዋ በኮምፒውተር ትጽፈዋለች፤ ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማህተም ያርፍበታል። ከዚያ አንዱ ሠራተኛ በስልኩ ፎቶ ያነሳውና በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽና ቴሌግራም ላይ ይለቀዋል። ከሥሩ «ዝርዝሩን ከምስሉ ይመልከቱ» ከሚል በቀር ምንም ጽሑፍ የለም።

ማየት የተሳነው የሕግ ምሩቅ ስልኩን ከፍቶ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ሲያሳርፍ የሚሰማው «ኢሜጅ» የሚል አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። የሥራ መደቡ፣ ደመወዙ፣ የምዝገባው ማብቂያ ቀን፣ ሁሉም ፎቶው ውስጥ ነው። «ሴቶችና አካል ጉዳተኞች እንዲያመለክቱ ይበረታታሉ» የምትለዋ መስመርም እዚያው ፎቶው ውስጥ ነች።

ይህ ሲነሳ ከኃላፊው እስከ ዌብሳይት ሠሪው የሚሰጠው መልስ ተመሳሳይ ነው፦ «ሰው ያንብብላቸው።» ክፋት የለውም፤ እንዲያውም የሚናገሩት ሰዎች ደግ ነገር የተናገሩ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ይህ መልስ በአገሪቱ ዲጂታል አገልግሎት ላይ ከሚነገሩት ሰበቦች ሁሉ የባሰው ነው። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከማስታወቂያው ወደ ባንክ መተግበሪያ መሻገር ይበቃል።

ማየት የተሳነው ሰው ስልክ የሚጠቀመው ስክሪን ሪደር በሚባል፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም ነው። አንድሮይድ ላይ ቶክባክ፣ አይፎን ላይ ቮይስኦቨር ይባላል። ፕሮግራሙ አንድን ቁልፍ «ላክ» ብሎ የሚያነበው መተግበሪያውን የሠራው ሰው ለቁልፉ ስም ከሰጠው ብቻ ነው። ሠሪው የቀስት ሥዕል አስቀምጦ ስም ሳይሰጠው ካለፈ፣ ተጠቃሚው የሚሰማው «በተን»፣ ቀጥሎ «በተን»፣ ቀጥሎም «በተን» ነው። አንዱ ገንዘብ ይልካል፣ አንዱ ይሰርዛል፣ አንዱ ወደ ኋላ ይመልሳል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ መሞከር ነው፤ በገዛ ገንዘብ።

ስለዚህ ሰውየው ምን ያደርጋል? ስልኩን ለጎረቤት፣ ለባለሱቅ ወይም ለማያውቀው መንገደኛ ይሰጣል። የሚስጥር ቁጥሩን ይነግራል። በአጭር መልእክት የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር ያስነብባል። ቀሪ ሂሳቡንም ያሳያል። ባንኮች ግን ደንበኞቻቸውን «የሚስጥር ቁጥርዎን ለማንም አሳልፈው አይስጡ» ብለው ሌት ተቀን ያስጠነቅቃሉ። መተግበሪያውን እንዲህ አድርጎ የሠራ ባንክ ይህን ሲል ለአንድ ወገን ደንበኛው የማይፈጸም ትእዛዝ እየሰጠ ነው። ገንዘቡ የጠፋ ቀን ደግሞ «ቁጥሩን ማን ስጥ አለህ» የሚለው ጥያቄ ይከተላል።

ጉዳዩ ከገንዘብም ያልፋል። የላቦራቶሪ ውጤትን፣ የፍቺ መጥሪያን፣ ከሥራ የማሰናበቻ ደብዳቤን ሰው ያንብብላቸው? ማየት የሚችል ሰው እነዚህን በጎረቤት ላስነብብ ብሎ አያውቅም፤ ቢገደድም አቤት ይላል።

ሁለተኛው ሰበብ «ቴክኖሎጂው ለአማርኛ አልደረሰም» የሚለው ነው። ይህ የዛሬ ሃያ ዓመት ቢባል ያስኬድ ነበር። ኤንቪዲኤ የተባለው የኮምፒውተር ስክሪን ሪደር ሁለት ማየት የተሳናቸው አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ነው፤ ዛሬም ማንም በነጻ ያወርደዋል። ኢስፒክ የተባለው ነጻ የንባብ ሞተር አማርኛን ያነባል፤ ድምፁ የሮቦት ነው፣ ግን ያነባል። ማይክሮሶፍትም መቅደስና አምሀ ብሎ የሰየማቸው ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉት። አንባቢው አለ። የጎደለው የሚነበብ ጽሑፍ ነው።

ጽሑፍ አለ በሚባልበት ቦታም ብዙ ጊዜ የለም። በአሮጌ የግዕዝ ፎንት ተጽፈው ወደ ፒዲኤፍ የተለወጡ መመሪያዎችና ቅጾች አሉ። ለዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ናቸው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ግን የፊደሉ መልክ ብቻ ነው ግዕዝ፤ ከሥሩ ያለው ኮድ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው። ስክሪን ሪደሩ የሚያነበው ኮዱን ስለሆነ ከአፉ የሚወጣው ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ድርድር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ሕዝብ የሚሞላውን ቅጽ በአሮጌው ኮድ ማውጣት የልማድ ጉዳይ እንጂ የአቅም ጉዳይ አይደለም። ከዚህ የሚያንስ ግን የሚያናድድ ሌላ ስህተትም አለ፦ ገጹ በአማርኛ ተጽፎ በኮዱ ራስጌ ላይ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው ተብሎ ይቀራል። ስክሪን ሪደሩም የተነገረውን አምኖ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊያነበው ይጥራል። የሚስተካከለው ሁለት ፊደል በመቀየር ነው።

«ድሃ አገር ነን» የሚለው ሦስተኛው ሰበብ ነው። ያ የቅጥር ማስታወቂያ ፎቶ ከመሆኑ በፊት ምን ነበር? ጽሑፍ ነበር። ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ የተጻፈ፣ ማንኛውም ስክሪን ሪደር ከዳር እስከ ዳር ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ። መሥሪያ ቤቱ ወረቀትና ቀለም አውጥቶ፣ የሰው ጊዜ ከፍሎ ነው የማይነበብ ያደረገው። ድህነት እንዲህ አያደርግም።

እርግጥ ነው፣ የማህተሙ ነገር ምክንያት አለው። ሐሰተኛ ማስታወቂያ በየቴሌግራሙ በሚዞርበት አገር ሰው ማህተም ማየት ይፈልጋል። ይሁን፣ ፎቶው ይለጠፍ። ጽሑፉም ከሥሩ ይለጠፍ። ሁለቱ አይጣሉም። ጽሑፍ ሲኖር በሞባይል ዳታ የሚጠቀመው ገጠር ያለ ሰው በርካሽ ያነበዋል፣ ፈላጊ በጉግል ያገኘዋል፣ መነጽር የረሱ አባት ፊደሉን አሳድገው ያዩታል። አሁን ደግሞ «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፎቶውን ያነብላቸዋል» የሚል አዲስ ማምለጫ መጥቷል። ማህተም ያረፈበትን ቀን አሳስቶ አንብቦ ምዝገባው ቢያልፍ ተጠያቂው ማን ሊሆን ነው?

ሕጉ ደግሞ ከተጻፈ ቆይቷል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ሲደነግግ ሕንፃና ትራንስፖርት ብሎ አላቆመም፤ ኢንተርኔትን በስሙ ጠርቶታል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው ይላል። የሕንፃ አዋጁም፣ ቁጥር 624/2001፣ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዝዟል። ብዙው መወጣጫ ጄኔሬተር ማቆሚያ መሆኑ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ቢያንስ አርክቴክቱ ሲነድፍ ይጠየቃል። አገልግሎቱ ከሕንፃው ወጥቶ ስልክ ውስጥ ሲገባ ግን የሚጠይቅ ጠፋ። ድሮ በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ክንድ ይዞ መስኮት ድረስ ያደርስ ነበር። ዛሬ በሩ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ብሎ የተንሻፈፉ ፊደላት ሥዕል የሚያሳይ ገጽ ነው፤ ክንድ የሚይዝ ዘበኛ የለውም።

ሕግ ሲጠየቅ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ለአሜሪካ ሕዝብ ትኬት የሚሸጡ አየር መንገዶች፣ የውጭዎቹም ጭምር፣ ድረ ገጻቸውን እ.ኤ.አ. እስከ ታኅሣሥ 2016 በዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ መሠረት እንዲያስተካክሉ በደንብ አዝዟል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ይበራል፤ ደንቡ ይመለከተዋል። ማለትም የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርጅት ድረ ገጽ ለአሜሪካዊ ዓይነ ስውር ተደራሽ እንዲሆን የሚያስገድድ ሕግ አለ፣ የሚያስፈጽምም አካል አለ። ለአዲስ አበባው ዓይነ ስውር ሕጉ አለ፤ አስፈጻሚው የለም። እዚያው አሜሪካ ጊየርሞ ሮብለስ የተባለ ማየት የተሳነው ሰው ፒዛ በድረ ገጽ ማዘዝ አልቻልኩም ብሎ ዶሚኖስን ከሶ፣ ኩባንያው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቢሄድም ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 አቤቱታውን ሳይቀበል ቀርቷል። ለፒዛ ነው። እዚህ የሚቀረው የሥራ ማመልከቻ፣ የባንክ ሂሳብና የፈተና ውጤት ነው።

ጥፋቱን ዌብሳይቱን በሠራው ወጣት ላይ ብቻ መጫን ግን ስህተት ነው። የጨረታው ሰነድ «ዘመናዊ፣ ሳቢና ፈጣን» ይላል። ርክክብ የሚፈጽመው ኮሚቴ የሚያየው የሚንሸራተተውን ሥዕልና የኃላፊውን ፎቶ ነው። ማንም ስክሪኑን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ አንድ ቅጽ ሞልቶ ለመላክ አልሞከረም። ማንም አይጡን ነቅሎ በኪቦርድ ብቻ ከላይ እስከ ታች አልወረደም። ቪዲዮው ላይ መስማት ለተሳናቸው ጽሑፍ መኖሩን የጠየቀ የለም። ያልተጠየቀ ነገር አይሠራም፤ ካለቀ በኋላ ሲጠየቅ ደግሞ ግድግዳ አፍርሶ መወጣጫ እንደመሥራት ነው፣ ወጪው እጥፍ።

ስለዚህ ግፊቱ መሄድ ያለበት ወደ ሦስት ቦታ ነው። የመንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን በመደበኛው የጨረታ ሰነድ ውስጥ ተደራሽነትን የግዴታ መስፈርት ያድርግ። ብሔራዊ ባንክ ማየት የተሳነው ደንበኛ ብቻውን ገንዘብ መላክ የማይችልበትን መተግበሪያ ባንኮች ለገበያ እንዳያወጡ ይከልክል። ርክክብ የሚፈጽሙ ኮሚቴዎች ደግሞ ስክሪን ሪደር የሚጠቀም ሞካሪ፣ አበል ተከፍሎት፣ አብሯቸው ይቀመጥ፤ እሱ ቅጹን ሞልቶ ሳይልክ የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅ።

ለማስታወቂያው ግን አዋጅም ጨረታም መጠበቅ አያስፈልግም። ፋይሉ አሁንም ጸሐፊዋ ኮምፒውተር ላይ አለ፤ ገልብጦ ከፎቶው ሥር መለጠፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።