ዋንጫው የትምህርት ቤቱ ነው፤ ጉልበቱ ግን የልጁ ነው



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ስለ ኳስና ስለ ሩጫ እናውራ። «መስጂድ የምትውሉ ሰዎች ከኳስ ጋር ምን አገናኛችሁ?» የሚል አይጠፋም። ከሱብሒ በኋላ ቁርኣን የሚቀራው ልጅና ከዐስር በኋላ ሜዳ የሚወርደው ልጅ አንድ ልጅ ነው። ሜዳ ላይ የተጎዳው ጉልበት ሱጁድ ላይ ያስቸግረዋል። ሶላት ውስጥ ፊቱን አጨማዶ ሲነሳ የምናየው እኛ ነን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በሻምቡ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎ የትምህርት ቤቶች ውድድር ወደ መጨረሻው ሲጠጋ ጨዋታ በጨዋታ ላይ ይደራረባል። በጀቱ አጭር ነው፤ አበል በቀን ይቆጠራል፤ ሜዳው አንድ ነው። ስለዚህ ሩብ ፍጻሜው፣ ግማሽ ፍጻሜውና ፍጻሜው በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታጨቃሉ። በዚያ ላይ ጎበዝ ልጅ የአንድ ቡድን ብቻ አይደለም። ጠዋት ለትምህርት ቤቱ 1500 ሜትር ይሮጣል፣ ከሰዓት ኳስ ይጫወታል፣ ቅዳሜና እሁድ የሰፈሩ ቡድን ይጠብቀዋል። ለወረዳው ከተመረጠ ደግሞ በአይሱዙ ተጭኖ ለሰዓታት ተጉዞ በማግስቱ ይሰለፋል። የትምህርት ቤቱ አሰልጣኝ የራሱን ጨዋታ ይቆጥራል። የሰፈሩም የራሱን ይቆጥራል። የልጁን ድምር የሚቆጥር ግን የለም።

ይህ ለምን ያሳስበናል? የ14 ወይም የ15 ዓመት ልጅ አጥንት ገና እያደገ ነው። የረጃጅም አጥንቶች ጫፍ አካባቢ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ፤ ይህ ክፍል ከጠነከረ አጥንት ይልቅ በቀላሉ ይጎዳል። ልጁ በሮጠና ኳስ በመታ ቁጥር የጭኑ ጡንቻ በጉልበት ሎሚ በኩል ከጉልበቱ በታች ያለውን አጥንት ይጎትታል። ጉተታው ሲደጋገምና ዕረፍት ሲጠፋ ቦታው ያብጣል፤ ሲነኩት ያማል። አነስ ያሉት ልጆች ላይ ተረከዝ ያማል። የባሰው ደግሞ ቅልጥሙ ላይ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ያመጣል።

ይህ ጉዳት በአንድ ግጭት አይመጣም፤ ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። «ማን መታህ?» ሲሉት ልጁ መልስ የለውም። ያኔ «ፈሪ ነው»፣ «ያስመስላል» ይባላል። እሱም ስሙን ለማዳን ዲክሎፌናክ ውጦ ይገባል። ሕመም አላህ በሰውነታችን ያስቀመጠው ማስጠንቀቂያ ነው። ክኒኑ ማስጠንቀቂያውን ዝም ያሰኛል እንጂ ስንጥቁን አይጠግንም። የተሰነጠቀ አጥንትም በወጌሻ እሽት አይድንም። በጊዜ ከተደረሰበትና ልጁ ካረፈ ግን አብዛኛው እንዲህ ያለ ጉዳት ይድናል። መድኃኒቱ ዕረፍት ነው፤ ዕረፍት ደግሞ ብር አያስወጣም።

ችግሩ የወለጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በጃፓን ቤዝቦል የሚባል ጨዋታ አለ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት የኮሺየን ውድድር አገር ምድሩ ቁጭ ብሎ የሚያየው ነው። በዚህ ጨዋታ አንድ ልጅ ኳሷን በሙሉ ኃይሉ እየደጋገመ ይወረውራል፤ ቡድኑ የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም በእሱ ክንድ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2018 ክረምት ዮሺዳ የተባለ የአንድ ግብርና ትምህርት ቤት ተማሪ በዚያ ውድድር ብቻ 881 ኳስ ወረወረ። ሕዝቡ በጀግንነቱ አለቀሰ፤ ቡድኑ ግን ፍጻሜው ላይ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ «ይህ ጀግንነት ነው ወይስ ልጅ መጨረስ?» የሚለው ክርክር ጠነከረ። ከ2020 ጀምሮ አንድ ተማሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ500 ኳስ በላይ እንዳይወረውር ተወሰነ። በአሜሪካም ለእያንዳንዱ ዕድሜ በቀን ስንት መወርወር እንደሚቻልና ከዚያ በኋላ ስንት ቀን ማረፍ እንደሚገባ የሚገልጽ መመሪያ አለ። እነዚህ አገሮች ዋንጫ ስለጠሉ አይደለም የቆጠሩት። ልጁ ነገም እንዲጫወት ስለፈለጉ ነው።

«ቀነኒሳስ?» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፤ በ2001 የዓለም አገር አቋራጭ ላይ ገና በ18 ዓመቱ የወጣቶቹን ውድድር አሸንፎ፣ በአዋቂዎቹም የአጭር ርቀት ውድድር ሁለተኛ ወጥቷል። ነገር ግን እሱ ሐኪምና ባለሙያ የሚከታተለው የብሔራዊ ቡድን ሯጭ ነበር። እሱም እንኳ ከ2010 ጀምሮ በባት ጉዳት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከውድድር ርቋል። ያን የመሰለ ሰው ጉዳት ካስቀመጠው፣ ቁርስ ሳይበላ ሜዳ የሚወርደው የኛ ልጅ ምን ሊሆን ነው?

ወደ ዲናችን እንምጣ። ዐብደላህ ኢብኑ ዐምር (ረ.ዐ) ቀኑን ሁሉ እየጾመ ሌሊቱን ሁሉ ይቆም ነበር። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ ከለከሉት፤ ሰውነቱ በእሱ ላይ ሐቅ እንዳለው ነገሩት። ልብ በሉ፤ ይህ የተባለው በዒባዳ ነው! ከአቅም በላይ መጾምና መቆም ከተከለከለ፣ ለአንድ ዋንጫ ብሎ የልጅን ጉልበት መጨረስ እንዴት ይፈቀዳል? ሰውነት አማና ነው። ልጁ በራሱ ሰውነት ላይ ባለአማና ነው፤ አሰልጣኙ ደግሞ በተሰጡት ልጆች ላይ።

ስፖርት ይቅር እያልን አይደለም። ለብዙ ወጣት ኳስ ከጫትና ከሥራ ፈትነት መሸሸጊያ ነው። ለአንዳንዱም አንድ ቀን የነቀምቴ ከተማን መለያ የመልበስ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ክለቦች የመሻገር ተስፋ ነው። ተስፋው እንዳይሰበር ነው የምንናገረው። በ15 ዓመቱ ያለቀ ጉልበት በ20 ዓመቱ ክለብ አያስገባም። በዓለም አትሌቲክስ ደንብ እንኳ በኦሎምፒክ ማራቶን ለመሮጥ 20 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሊደረግ የሚችለውን እንናገር። ሁሉም ያለ በጀት የሚሆን ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች ደብተር ይኑረው፤ ለማንም ቡድን ይሁን የተጫወተበትና የሮጠበት ቀን ሁሉ ይጻፍበት። ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች ከማሰለፋቸው በፊት ይመልከቱት።

ሁለተኛ፣ በአንድ የውድድር ሳምንት ልጁ ለአንድ ቡድን ብቻ ይሰለፍ። በሁለት ጨዋታ መካከል ቢያንስ ሁለት ቀን ይረፍ። በዓመትም ከውድድር ሙሉ በሙሉ የሚርቅባቸው ሁለት ወይም ሦስት ወራት ይኑሩት።

ሦስተኛ፣ በረመዷን ጨዋታ ካለ ለጾመኛ ልጆች ታስቦ ይዘጋጅ። በጠራራ ፀሐይ ውኃ ያልጠጣ ልጅ ማሰለፍ አደጋ ነው። አዘጋጆችን በአክብሮት ማነጋገር የኛ የጀመዓው ሥራ ነው።

አራተኛ፣ አሰልጣኙን የምንለካው ባመጣው ዋንጫ ብቻ አይሁን። ስንቱን ልጅ በጤና ወደ ቀጣዩ ዓመት አሻገረ ብለን እንጠይቅ።

አንተ ወንድማችን፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሕመም ካለብህ ተናገር። ሐኪም ቤት ሂድ። «አሞኛል» ማለት ፈሪነት አይደለም፤ አማናን መጠበቅ ነው። አባቶችና እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ደረጃ ሲወጣ ቢያነክስ ዋንጫውን ሳይሆን እግሩን ተመልከቱ። ውድ አሰልጣኞች፣ ድካማችሁንና የሚደርስባችሁን ጫና እናውቃለን፤ አላህ ይመንዳችሁ። ግን «ዛሬ ያርፍ» የሚለውን ቃል መጀመሪያ ማንሳት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ልጁ በራሱ አይላችሁም፤ ይወዳችኋል፣ ያፍራችኋልም።

ዋንጫው በርዕሰ መምህሩ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ጉልበቱን ግን ልጁ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል፤ ሥራ ይሠራበታል፣ ልጆቹን ያሳድግበታል፣ ለጌታው ይሰግድበታል።

አላህ የወጣቶቻችንን ጤና ይጠብቅልን፤ አማናቸውን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።

ሜዳ ለሚውል ጓደኛችሁና ለአሰልጣኙ አድርሱልን።