ሳይቃጠል በቅጠል

ተክል መትከል ደስ የሚያሰኝ ሥራ ነው። ችግኝ ሲተከል ሰው ይሰበሰባል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ይጨበጨባል። የተተከለውን ጠብቆ ማቆየት ግን ተመልካች የሌለው ሥራ በመሆኑ የሚሽቀዳደምበት ሰው ጥቂት ነው። ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ጉዳይ ለአንዳንዱ አንባቢያችን እጅግ ትንሽ መስሎ ሊታየው ይችላል፤ ይኸውም በየደጃፋችንና በየመሥሪያ ቤታችን በር ላይ በማሰሮ፣ በጣሳና በፕላስቲክ ተተክለው የምናያቸው አበቦችና ቅጠላ ቅጠሎች በበጋ ፀሐይ ስለሚደርስባቸው ጉዳት ነው። ነገሩ ትንሽ ቢሆንም የሚገልጠው ጠባይ ግን ትንሽ አይደለም።

ባለፈው የመጋቢት ወር ለአንድ ጉዳይ ወደ ቃሊቲ ወርደን ነበር። ቃሊቲ ከእንጦጦ ግርጌ ካለው ከላይኛው የአዲስ አበባ ክፍል ዝቅ ያለ አገር ስለሆነ ሙቀቱ ይበረታል። የከባድ መኪና መተላለፊያም በመሆኑ አቧራው በቅጠል ሁሉ ላይ ይተኛል። ከአንድ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ስንደርስ ሃያ ያህል ጥቁር የፕላስቲክ ማሰሮዎች በቆርቆሮው አጥር ሥር፣ በሲሚንቶው ላይ ተደርድረው አየን። በውስጣቸው የነበሩት ጽጌረዳዎች ደርቀው እንደ ጭራሮ ቆመዋል። በሕይወት የተገኙት አራት ብቻ ነበሩ። በሩን የሚጠብቁትን ሽማግሌ «አባባ፣ ለእነዚህ አበቦች ውኃ የሚያጠጣላቸው የለም እንዴ?» ብለን ጠየቅናቸው።

«ይጠጣሉ እንጂ ልጆቼ! በየቀኑ በስድስት ሰዓት በጎማ ይረጩባቸዋል። እስቲ እናንተ በጋለ ምጣድ ላይ በባዶ እግራችሁ ብትቆሙ፣ በራሳችሁ ላይ ውኃ ቢያፈሱላችሁ ምን ይረባችኋል?» ሲሉ መለሱልን። ቀጥለውም ወደ ዘብ ቤታቸው ጥላ ወስደው የራሳቸውን ጤና አዳም አሳዩን። ቅጠሉ ለምልሞ፣ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። የተተከለው በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ሲሆን ቆርቆሮው በኖራ ተቀብቷል፤ ከሥሩ ሁለት ጡብ ገብቶለታል፤ አፈሩም በጭድ ተሸፍኗል። ያ ሁሉ አበባ በመንግሥት ገንዘብ ተገዝቶ ሲሞት፣ በነፃ የተገኘው ቆርቆሮ ግን አንዲት ጤና አዳም አኑሮ አሳየን።

የሽማግሌው ምሳሌ ከሳይንሱም ጋር የሚስማማ ነው። በመሬት ውስጥ ያለ ሥር በዙሪያው ብዙ አፈር ስላለው የቀን ሙቀት በቶሎ አይደርስበትም። በማሰሮ ያለ ሥር ግን ከፀሐይ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ብቻ ነው። የማሰሮው ቀለም ጥቁር ሲሆን ደግሞ ብርሃኑን ሁሉ ወደ ራሱ ይስባል፤ ፀሐይ በሚመታው ጎን ያለው አፈር ከ40 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል። በዚያ ሙቀት የብዙ ተክሎች ሥር ማደጉን ያቆማል፤ ከዚያም ሲብስ ይሞታል። ሥሩ የሞተ ተክል ውኃ ቢሰጠውም ሊጠጣ አይችልም። ተክሉ ሲጠወልግ ያየ ሰው «ጠምቶታል» ብሎ ውኃውን ይጨምራል፤ የተረፈውም ሥር በውኃ ብዛት ይበሰብሳል። ስለዚህ ብዙው የማሰሮ አበባ የሚሞተው በውኃ ማጣት ብቻ ሳይሆን ያለ ዕውቀት በሚሰጥ ውኃም ጭምር ነው።

አንዳንድ ሰው «አዲስ አበባ ደጋ ናት፤ የአየሩ ሙቀት 30 ዲግሪ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው» ሊለን ይችላል። እውነት ነው። ነገር ግን ቴርሞሜትር የሚለካው በጥላ ያለውን አየር ነው፤ አበባው ግን የቆመው ፀሐይ ላይ ነው። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ የፀሐይዋ ጨረር ይበረታል። በበጋም አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቅጠሉ ውኃውን በቶሎ ያጣል።

እዚህ ላይ ለተማሪዎች አንድ ነገር ልናስገነዝብ እንወዳለን። በውጭ አገር ሰዎች የተጻፈውን ምክር የሚያነብ ወጣት «በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ አበባችሁን ከሙቀት ጠብቁ» የሚል ያገኛል። ያ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ትክክል ነው። በእኛ አገር ግን እነዚያ ወራት ክረምት ናቸው፤ ዝናቡ ራሱ ያጠጣል፣ ደመናውም ጥላ ይሆናል። የእኛ የጭንቅ ወራት የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ናቸው። በበልግ አንድ ሁለት ቀን ቢዘንብም እንኳ በዚያ መታለል አይገባም።

የፀሐይ አቅጣጫም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ትገኛለች። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፤ በሚያዝያ መጀመሪያ አናት ላይ ይቆማል፤ ከዚያም እስከ ነሐሴ መጨረሻ ወደ ሰሜን ይሻገራል። እንግዲህ በበጋ በደቡብ በኩል ያለ ግድግዳ ሥር የተደረደረ ማሰሮ ቀኑን ሙሉ ይጠበሳል፤ በሰሜን በኩል ካለው ግድግዳ ሥር ያለው ግን በቀትር ጥላ ያገኛል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ የለም፤ በቀትር ወጥቶ የገዛ ጥላን ማየት ይበቃል።

መድኃኒቱ ውድ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ማሰሮውን ከሲሚንቶና ከቆርቆሮ አጥር ማራቅ፣ በጡብ ወይም በእንጨት ከፍ ማድረግ ነው። የጧት ፀሐይ ለስላሳ ስለሆነ ለአበባ ይስማማል፤ የከሰዓት በኋላው ግን አየሩ አስቀድሞ ስለሚሞቅ ጉዳቱ ይበዛል። ስለዚህ ጥላው በምዕራብ በኩል ቢሆን ይመረጣል። ማሰሮዎቹን አራርቆ እንደ ወታደር ከማሰለፍ ይልቅ አቀራርቦ ማስቀመጥ፣ ትልልቆቹንም በምዕራብ በኩል አድርጎ ትንንሾቹን እንዲከልሉ ማድረግ ይጠቅማል። ጥቁሩን ፕላስቲክ በኖራ መቀባት ወይም በሌላ ሰፊ ዕቃ ውስጥ አግብቶ መካከሉን በጭድ መጠቅጠቅ ሙቀቱን ይቀንሳል። በአፈሩ ላይም ጭድ፣ ደረቅ ሣር ወይም የቡና ገለባ ቢነጠፍ እርጥበቱ በቶሎ አይጠፋም።

የሸክላ ማሰሮ ደግሞ የተለየ ጥቅም አለው። እናቶቻችን ውኃን በእንስራ የሚያቀዘቅዙት በአስማት አይደለም፤ በሸክላው ቀዳዳ ጥቂት ጥቂት ውኃ ወጥቶ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። የሸክላ ማሰሮም የተክሉን ሥር እንዲሁ ያበርድለታል። ነገር ግን በዚያው መጠን ቶሎ ይደርቃልና ውኃውን ሳያቋርጡ መስጠት ያስፈልጋል።

ውኃ የሚጠጣበት ጊዜ ማለዳ ነው። ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ ወደ አፈሩ አስገብቶ ማየት ከሰዓት ቆጠራ ይበልጣል። ደረቅ ከሆነ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ በዝግታ ማፍሰስ፤ እርጥብ ከሆነ መተው ነው። ቅጠሉ በቀትር ቢጠወልግና አፈሩ እርጥብ ቢሆን ውኃ ሳይሆን ጥላ ነው የሚፈልገው፤ ማታ ይቃናል። እጅግ የደረቀ አፈር ከማሰሮው ጎን ስለሚሸሽ ከላይ የሚፈስለት ውኃ በዳር በዳር ሾልኮ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ማሰሮ በሳፋ ውኃ ውስጥ አስገብቶ አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ማቆየት ይሻላል። ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ በዋለ ጎማ ውስጥ የቀረው ውኃ ሥርን የሚቀቅል ትኩስ ስለሆነ አስቀድሞ መድፋት ይገባል። የቃሊቲን አቧራም አልፎ አልፎ ከቅጠሉ ላይ ማጠብ ያሻል።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንመጣለን። «ሰው ውኃ በፈረቃ በሚያገኝበት ሰፈር ስለ አበባ ማውራት ቅንጦት አይደለምን?» የሚለን ሰው ቢኖር አንቀየመውም። ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች የሚሳበው ውኃ ለከተማው ከዋና ዋናዎቹ ምንጮች አንዱ ነው፤ ሆኖም በአካባቢው ጀሪካን ይዞ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው እናያለን። ለሰው የሚጠጣው ውኃ ይቀድማል፤ በዚህ ክርክር የለንም። መልሳችን ግን ይህ ነው፤ ውኃ ውድ በሆነበት ሥፍራ ውኃን በጋለ ሲሚንቶ ላይ በቀትር መርጨት ከሁሉ የከፋ ብክነት ነው። በጥላ ያለች፣ ጭድ የለበሰች ማሰሮ በጥቂት ውኃ ታድራለች፤ አትክልትና ጤፍ የታጠበበት ውኃም ይበቃታል። ብዙ ሳሙናና ጨው ያለበት ግን አይሆናትም። ውኃው ጭራሹን ከሌለ ደግሞ አለመግዛት ይሻላል። ሃያ የሞቱ ጽጌረዳዎች ከሚቆሙ አራት ሕያዋን እሬቶች ይበልጣሉ።

ወጣት ሹማምንት በተለይ ሊያስቡበት የሚገባ ነገር አለ። ለመሥሪያ ቤት አበባ ሲገዛ ቁጥሩ ይጻፋል፣ ዋጋው ይጻፋል፣ ፊርማም ይፈረማል። «ማን ያጠጣዋል? የት ይቆማል?» የሚለው ግን በወረቀቱ ላይ የለም። አበባው ሲደርቅም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሆናል፤ ገዢው ዘበኛውን፣ ዘበኛው ጽዳት ሠራተኛዋን፣ እርሷም ቧንቧውን ትወቅሳለች። ደመወዟ በማይበቃት ሴት ላይ የሃያ ማሰሮ ሸክም ያለ አንድ ቃል ጭኖ በኋላ መውቀስ ፍርድ አይደለም። በእኛ አስተያየት ጠባቂው በስሙ ያልታወቀለት፣ ጥላውም ያልታየለት ተክል ከቶ ሊገዛ አይገባም። ሥራው ለአንድ ሰው ሲሰጥም ከሥራ ዝርዝሩ ገብቶ ሊቆጠርለት ይገባል። ሹሙ ራሱ በሳምንት አንድ ጧት ባልዲ ቢያነሣ ክብሩ አይቀንስም፤ እንዲያውም የትኛው ማሰሮ እንደሚሠቃይ ያን ቀን ያውቃል።

ይህ ሐሳብ ከማሰሮ አልፎ ይሄዳል። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ በየክረምቱ እጅግ ብዙ ችግኝ ይተከላል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማቱ የአዲስ አበባ ጎዳናዎች በአበባ ተሸልመዋል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የሐምሌ ችግኝ ፈተናው የሚጀምረው ዝናቡ ባቆመበት በጥቅምት ነው። የተከለ ሰው ሊጠየቅ የሚገባው «ስንት ተከልህ?» ተብሎ በሐምሌ ብቻ ሳይሆን «ስንቱ አለ?» ተብሎ በሚያዝያም ጭምር ነው። በደጁ ያለችውን አንዲት ማሰሮ በበጋ ማኖር ያልቻለ ሰው ስለ ሚሊዮን ዛፍ ሲናገር ቃሉ ይቀልበታል፤ አንዲቱን ያኖረ ግን የሚሊዮኑን ሥራ ከሥሩ ተምሯል።

ከቃሊቲ ስንመለስ ሽማግሌው ከጤና አዳማቸው አንድ ዘለላ ቆርጠው «ለቡናችሁ» ብለው ሰጡን። እኛም ከዚያ ደጃፍ የቀሩትን አራቱን ጽጌረዳዎች ወደ ጥላው ልናስጠጋቸው ፈቃድ ጠይቀን፣ ከእርሳቸው ጋር ተረዳድተን አስጠጋናቸው። የፈጀብን ጊዜ አምስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነው።