ለመምህሩ ከጭብጨባው በፊት ካርዱ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ለሁለት ሳምንት ይዘጉ ተባለ፤ ሁለቱ ሳምንት እየተጎተተ ሰባት ወር አለፈው። በአገር ደረጃ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ዋለ። ያን ጊዜ ስናነሳ አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን በየሱቁ ደጃፍ የተቀመጠው ባለ ቧንቧ ጀሪካን፣ እጥፍ የሆነው የታክሲ ታሪፍና የማስክ ፍለጋው ነው። መምህሩን ግን እንዘለዋለን። በእርግጥ በየዓመቱ መዝጊያ በወላጆች በዓል ላይ ስሙ ይጠራል፣ ይጨበጨብለታል፣ አንዳንዴም ጋቢ ይለብሳል። ይህን የሚነቅፍ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነገር ግን ትምህርት ከክፍል ወጥቶ በስልክ ሲሆን ወጪውም ከትምህርት ቤቱ ላይ ወርዶ በመምህሩ ኪስ ላይ ያርፋል፤ የሰፈር ሰው ምስጋናም መጀመር ያለበት ከዚያ ወጪ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሥራው ምን ይመስል እንደነበር እናስታውስ። የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ በኤፍ ኤም 94.7 ሬዲዮና በቴሌቪዥን ትምህርት አሰራጨ፣ በቴሌግራምም ጽሑፍና መልመጃ ለቀቀ። የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ በየክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተው ኖትና ወርክሺት መላክ ያዙ። ሲነገር ቀላል ይመስላል። አንድ የሒሳብ መምህር ጥያቄውን በእጁ ጽፎ፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ይልካል። ማታ መልሱ በፎቶ ይጎርፍለታል። አንዱ ደብተር በጎኑ ተጋድሞ ተነስቷል፤ የሌላውን ግማሽ ገጽ የስልኩ ጥላ ሸፍኖታል፤ የሦስተኛው እርሳስ ደብዝዞ አይነበብም። የላከው አካውንት የእናትየው ስለሆነ ስሙ ከክፍሉ ስም ዝርዝር ጋር አይገጥምም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የማን ልጅ እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ከዚያ ፎቶውን በሁለት ጣቱ እየለጠጠ ያነባል፣ ስህተቱን በድምፅ መልእክት ያስረዳል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ክፍል ውስጥ ቢሆን በዴስኮቹ መሃል እየተዘዋወረ በአንድ ፔሬድ የሚያርመው ሥራ እዚህ ሌሊቱን ይበላበታል። ስልኩ ልጁ እጅ የሚገባው ወላጅ ከሥራ ሲመለስ ነው፤ ስለዚህ የመምህሩ ክፍል የሚከፈተው ሌላው ሰው እራቱን በልቶ ሊተኛ ሲል ነበር።

ነፋስ ስልክ ላፍቶን የመሰለ ክፍለ ከተማ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ያከብደዋል። ለቡ አካባቢ ባለ ዋይፋይ ቪላ አለ፤ ጀሞ ላይ የኮንዶሚኒየሙ ቤተሰብ በሞባይል ፓኬጅ ይቆጥባል፤ ሳሪስና ቆሬ ውስጥ ደግሞ በአንዲት ክፍል አምስትና ስድስት ሆኖ የሚያድር ቤተሰብ አለ፣ ያለውም አንድ ስማርት ስልክ ከሆነ ጠዋት ከአባትየው ጋር ወደ ሥራ ይወጣል። ለመጨረሻው ቤተሰብ ልጅ መምህሩ ያለው አማራጭ መደወል ወይም ወርክሺቱን ፎቶ ኮፒ አስደርጎ ማድረስ ነበር። የስልኩ ሒሳብ የማን ነው? የኮፒውስ? የከተማው አስተዳደር ለመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን በከተማ አውቶቡስ ነፃ ጉዞ መፍቀዱ የሚመሰገን ነው፣ በየወሩ ከደመወዙ የሚተርፍለትን ሁሉም መምህር ያውቀዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን የአውቶቡሱ ነፃነት ምንም አልፈየደም፤ ወጪው ወደ ስልክ ካርድ ዞሮ ነበር። በዚህ ላይ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠና ለሳምንታት ጠፍቶ ቆየ። የቴሌግራሙ ክፍልም አብሮ ተዘጋ። ተማሪውን ፈልጎ ማግኘት የፈለገ መምህር በቀጥታ ከመደወል በቀር መንገድ አልነበረውም።

ታዲያ ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ እያለ መምህሩ ይህን ያህል ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። የዚህን መልስ እንደ እኛ አገር በውድ የተማረው ያለ አይመስለኝም። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የፕላዝማ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃው ሲገባ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ በእንግሊዝኛ በፍጥነት ያብራራ፣ ይጠይቅ፣ ለመልሱ ጥቂት ሰከንድ ሰጥቶ ያልፍ ነበር። ክፍል ውስጥ የቆመው መምህር የተተወለት መግቢያና መውጫው ላይ ያሉት ጥቂት ደቂቃዎች ናቸው። ያልገባው ልጅ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። ያን ዘመን ያለፈ ሰው ሁሉ የሚመሰክረው፣ ትምህርቱን ትምህርት ያደረገው ፕላዝማው ሲጠፋ መምህሩ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ደጋግሞ ያስረዳው ነገር መሆኑን ነው። ኤፍ ኤም 94.7 በ2012 ትልቅ ውለታ ውሏል፤ ሬዲዮ ግን ሳሪስ ያለችው የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ክፍልፋይ ላይ እንደቆመች አያውቅም። የሚያውቀው ደብተሯን ያየ ሰው ነው። በኮሮናው ወቅት በአገራችን የተደረጉ ጥናቶችም በመዘጋቱ ምክንያት በከተማና በገጠር ልጆች መካከል ያለው የትምህርት ልዩነት እንደሰፋ አሳይተዋል። ከተማ ውስጥም ቢሆን መምህር የሚደርሰው ልጅና የማይደርሰው እኩል ሊሄዱ አይችሉም።

ከሁሉ በላይ የሚሰማው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፦ «መምህሩ እኮ ቁጭ ብሎ ደመወዙን በልቷል፤ ደግሞ ምን ድጋፍ?» እውነት አለው። የመንግሥት መምህራን ደመወዝ አልተቋረጠም፣ የቀን ሠራተኛውና የጉሊት ነጋዴዋ ገቢ ባዶ በሆነበት ወቅት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ስልኩን ዘግቶ የከረመ መምህር መኖሩንም መካድ አይቻልም። ሆኖም ደመወዝ ለድካም የሚከፈል ነው፤ ለመሥሪያ ዕቃ አይደለም። ጠመኔ ከደመወዝህ ግዛ የተባለ መምህር የለም፣ ትምህርት ቤቱ ያቀርብለታል። በ2012 የካርዱ ነገር የጠመኔ ጉዳይ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ግን አቅራቢ አልነበረውም። የባሰው ደግሞ ሌሊቱን ደብተር ሲያርም ያደረውም፣ ስልኩን የዘጋውም በወሩ መጨረሻ የሚያገኙት እኩል መሆኑ ነው። ማን እንደሠራ የክፍለ ከተማው ጽሕፈት ቤት ከቢሮው ሆኖ ሊያውቅ አይችልም። ወላጅ ግን ያውቃል። ለልጁ ማን እንደደወለለት፣ ማን እንዳረመለት፣ ማን እንደጠፋ ለእናት አይነገራትም። የሰፈር ድጋፍ ከመንግሥት ድጋፍ የሚበልጥበት አንዱ ነገር ይህ ዕውቀት ነው፤ ሰነፉን ከታታሪው ጋር ደምሮ አያመሰግንም።

በግል ትምህርት ቤቶች ጉዳዩ ሌላ መልክ ነበረው። ወላጅ «ልጄ ሳይማር ለምን እከፍላለሁ» አለ፣ ትምህርት ቤቱ «ደመወዝ ከየት ላምጣ» አለ፤ በመጨረሻ በአዲስ አበባ ከወርሃዊው ክፍያ ከ50 እስከ 75 በመቶው ይከፈል ተብሎ ተወሰነ። ሥራው በተቀዛቀዘበት ወላጅ ላይ መፍረድ ይከብዳል። ግን ያ ሁሉ ድርድር ሲካሄድ ስለ መቶኛው እንጂ በቴሌግራም ግሩፑ ማዶ ስላለው መምህር እምብዛም አልተወራም። እሱም ብዙውን ጊዜ ተከራይ ነው። ያኔ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደንብ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣ ቢከለክልም፣ ኪራዩን ግን አልሰረዘለትም።

የሰፈሩ ሰው አቅም የለውም የሚለውን ብዙም አልቀበለውም። በዚያው ወቅት «ማዕድ ማጋራት» በሚል በየሰፈሩ እህልና ዘይት ተሰብስቦ ለተቸገሩ ተከፋፍሏል፤ የወር ኪራይ የማሩ አከራዮችም ነበሩ። እንኳን ያን ጊዜ በሰላሙም ቀን እድር የሌለው መንደር የለንም፤ በየወሩ ይሰበሰባል፣ በመዝገብ ይያዛል፣ ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑ በሰዓታት ውስጥ ይቆማል። መምህርን በጋራ መያዝም ለእኛ እንግዳ አይደለም። የኔታ የኖሩት ከመንግሥት ደመወዝ ተቆርጦላቸው አይደለም፤ ልጁን ያስተማረው ወላጅ እንደ አቅሙ እህልም ሳንቲምም እያመጣ፣ ደብሩም እየደጎመ ነው። ያ ዘመን ይመለስ አልልም፤ የኔታ በችግር መኖራቸውም ሊረሳ አይገባም። ልማዱ ግን ከእጃችን አልወጣም።

የሚደረገውም ውስብስብ አይደለም። በየትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት፣ ወተመህ የምንለው፣ አለ። ብዙ ጊዜ የሚሰማው አጥር ሲሠራ ወይም ዩኒፎርም ሲመረጥ ነው። ይህ ኅብረት ከአካባቢው እድሮች ጋር ተነጋግሮ ለመዘጋት ጊዜ የሚሆን ትንሽ ሒሳብ ቢያስቀምጥ፣ የመምህራኑን የኢንተርኔት ፓኬጅና የወርክሺቱን ኮፒ ይሸፍናል። በሰፈሩ ውስጥ በገንዘብ ፈንታ አገልግሎት ሊሰጡ የሚችሉም አሉ፦ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የትምህርት ቤቱን ሥራ ያለ ትርፍ ይሠራል፣ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ የስብሰባ አዳራሹን ስልክ ለሌላቸው ልጆች ለሁለት ሰዓት ይከፍታል። ገንዘብ የሌለው ወላጅም ድርሻ አለው፤ ደብተሩን በብርሃን፣ ቀጥ አድርጎ ፎቶ ማንሳትና የልጁን ስም መጻፍ የመምህሩን ሌሊት በግማሽ ያሳጥረዋል። ይህን የምለው ለማሾፍ አይደለም፤ ምናልባት ከሁሉ የሚበልጠው ድጋፍ እሱ ነው።

ሁለት ብርቱ ተቃውሞዎች ይቀራሉ። አንደኛው የትምህርት ወጪ የመንግሥት ነው፣ እኛ ከሸፈንነው መንግሥት እጁን ይሰበስባል የሚለው ነው። ስጋቱ ልክ ነው፤ ስለዚህ ወጪው በወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ በዓመቱ መጨረሻ እንዲተካ መጠየቅ አለበት። መንግሥት እስኪተካው ግን ልጁ ሰባት ወር መጠበቅ የለበትም። ሁለተኛው ይበልጥ ያሳስበኛል። ለመምህር የሚሰጥ ነገር ወደ ውጤት መደለያ ይለወጣል፤ «በፈቃድ» የተባለው መዋጮም ውሎ አድሮ ያልከፈለውን ልጅ ያሸማቅቃል። ወላጅ በመዋጮ ተማሯል፣ መማረሩም ተገቢ ነው። ለዚህ ነው ድጋፉ ከወላጅ እጅ ወደ መምህር እጅ በቀጥታ ማለፍ የሌለበት። በኅብረቱ ይሰብሰብ፣ ማን ስንት እንደሰጠ መምህሩ አይወቅ፣ ለመምህሩም በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በፓኬጅ ይድረሰው፤ ያልሰጠ ወላጅ ስም በየትኛውም ስብሰባ አይነበብ። ይህን መጠበቅ የማይችል ኅብረት ባይጀምረው ይሻላል።

ኮሮና አለፈ፣ ነገሩም አብሮ አለፈ የሚል ካለ ወደ አማራ ክልል ይመልከት፤ በዚያ በተነሳው ግጭት ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጪ ሆነዋል። መዘጋት በሽታ ሲመጣ ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። የ2014ን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ፣ ጣትም ወደ መምህሩ ተቀሰረ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠቱና ኩረጃ መቀነሱ ለውጤቱ ማሽቆልቆል ትልቁ ምክንያት ሊሆን ይችላል። እነዚያ ልጆች ግን በ2012 የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ነበሩ፤ ያን ዓመት በየቤታቸው ማን እንደደረሰላቸው፣ በማን ካርድ እንደደረሰላቸው የጠየቀ አልነበረም። ለሚቀጥለው መዘጋት ለመዘጋጀት በየዓመቱ ምዝገባ ሲጀመር ወተመህ ሁለት ጥያቄዎች ቅጹ ላይ ቢያስገባ ይበቃል፦ ቤት ውስጥ ስማርት ስልክ የያዘው ማን ነው፣ ስንት ሰዓትስ ቤት ይገባል? መልሱ ሲሰበሰብ ለየትኛው ልጅ ቴሌግራም፣ ለየትኛው ጥሪ፣ ለየትኛው ወረቀት እንደሚያስፈልግ ይታወቃል፤ የሚያስፈልገውም ብር ከዚያ ላይ ይሰላል።