አረሙንም ዜናዬንም ላርም

ዛሬ ላነሳ የፈለግኩት ስለ አንድ አረም ነው። «ጋዜጠኛና አረም ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

የተወለድኩት ሐይቅ ከተማ አጠገብ ነው። ከደሴ ተነስቶ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ወደ ወልዲያ የሚሄደውን መንገድ የምታውቁ ሁሉ፣ ግራና ቀኙን የያዘውን ባለ ነጫጭ አበባ አረም ሳታዩት አልቀራችሁም። አምባሰል ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ቅኝቱ ነው፤ ለገበሬው ግን ይሄ አረምም ነው። ፓርቲኒየም ይሉታል፤ እኛ ጋ ስሙ ቅንጨ አረም ነው። አገሩ አሜሪካ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ከእርዳታ እህል ጋር ተደባልቆ እንደገባ በሰፊው ይነገራል። ስንዴው ያኔውኑ ተበልቶ አለቀ፤ አረሙ ግን ይኸው እስከዛሬ አለ።

የሚገርመው ቅንጨ አረም የአደይ አበባ ዘመድ መሆኑ ነው። ኑግም ግራዋም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። ዘመድ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። አደይ በመስከረም አብባ፣ አስደስታን ትሄዳለች። ቅንጨ አረም ግን እርጥበት እስካገኘ ድረስ ወር አይመርጥም። በበቀለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ውስጥ ያብባል፤ አንዱ ተክል ብቻ ከ15,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። ከሰውነቱ የሚወጣው ኬሚካል አጠገቡ ያለውን ሰብል ያቀጭጫል። ሣር ያጣ ከብት ከበላው ወተቱ ይመራል። የነካው ሰው ቆዳው ያሳክከዋል፤ ብናኙ አስም ያስነሳል። እኔ ራሴ ያደግኩት እናቴ ማሽላ ስታርም ውላ ማታ እጇን ስታክ እያየሁ ነው።

አምና የዜና አጻጻፍ ኮርስ ስንወስድ ከየአካባቢያችን አንድ ዜና ሠርተን እንድንመጣ ታዘዝን። እኔም በመስከረም ወር በሰፈራችን የተካሄደ አረም የመንቀል ዘመቻ አገኘሁ። ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን ሁሉ መለስኩ። ርዕሴም «ነዋሪዎች ቅንጨ አረምን በዘመቻ አስወገዱ» የሚል ነበር። ጥሩ ማርክም አገኘሁበት።

ቤት ሄጄ ለእናቴ ሳነብላት ሳቀች። «አስወገዱ ነው ያልሽው? ልጄ፣ እነሱ እኮ ዘሩት» አለችኝና ይዛኝ ወጣች። የተነቀለው አረም ዘሩን እንደያዘ መንገድ ዳር ተከምሯል። ከብቱ ይረግጠዋል፣ ነፋሱ ያነሳዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ጎርፉ ወደ ማሳ ይዞት ይወርዳል። ሰዉም የነቀለው በባዶ እጁ ነበር። ይህን ሁሉ በቦታው ቆሜ አይቼዋለሁ፤ ግን አልጻፍኩትም። «መቼ» ለሚለው ጥያቄ ቀኑን ብቻ ጽፌ አለፍኩ። «ለምን አሁን?» ብዬ አልጠየቅኩም።

በመሆኑም አቋሜ ይህ ነው። አረሙ ዘር ከያዘ በኋላ ነቅሎ መንገድ ዳር መከመር ሥራ ተሠራ አያሰኝም። መነቀል ያለበት ሳያብብ፣ ሐምሌ ላይ ነው። «ሐምሌ ላይ ገበሬው እያረሰና እየዘራ ነው፤ በምን ጊዜው?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን አረሙ የሚራባው መንገድ ዳር፣ ገበያ ቦታ፣ ትምህርት ቤት ግቢና ባዶ መሬት ላይ ጭምር ነው። ይህ የማንም ማሳ ስላልሆነ ማንም አያርመውም። ክረምት ላይ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤቱ የሚቀመጥ ተማሪ ደግሞ ሞልቷል፤ እኛንም ጨምሮ። ጓንት ቢጠፋ እንኳ ፌስታል እጅ ላይ አጥልቆ መንቀል ይቻላል። አብቦ የተገኘውን ደግሞ እዚያው ጉድጓድ ምሶ መቅበር ነው።

ሳይንሱም ዝም አላለም። ህንድ እ.ኤ.አ. በ1984 የአረሙን ቅጠል የምትበላ ትንሽ ጥንዚዛ ለቃለች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በእኛም አገር ተለቃለች። ታዲያ ጥንዚዛዋ ተራብታ ሐይቅና አምባሰልን እስክታዳርስ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ?

ወደ ሙያችን ልመለስ። እኛ ነገ ማይክራፎን የምንይዝ ሰዎች ነን። የዘመቻ ዜና ስንሠራ የተሳታፊውን ብዛት ቆጥረን ብቻ አንመለስ። የተነቀለው የት ተጣለ? ከወር በኋላስ ቦታው ምን ይመስላል? ብለን ተመልሰን እንይ። «ተወገደ» ብለን ከጻፍን፣ ነገሩ አልቋል ብሎ ሁሉም ይተኛል። አረሙ ግን አይተኛም።

ስለዚህ የአምናውን ዜናዬን ዛሬ ላርመው፦ «ነዋሪዎች ቅንጨ አረምን ነቀሉ፤ አረሙ ግን አልተወገደም።» በመጪው ሐምሌ ደግሞ ከእናቴ ጋር ሆኜ አረሙን ራሱን አርማለሁ። አባቶች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይሉ የለ?