ከጠመንጃው በስተጀርባ

በግንባር የሚተኮሰው ጥይት ጉዞውን የሚጀምረው ከደጀኑ ሕዝብ ጓዳ መሆኑን የፈረንሳይ አብዮት ታሪክ በጉልህ ያስረዳል። ኦገስት 23 ቀን 1793 እ.ኤ.አ. የታወጀው የክተት አዋጅ ወጣቶች እንዲዘምቱ፣ ባለትዳሮች መሣሪያ እንዲሠሩና ስንቅ እንዲያጓጉዙ፣ ሴቶች ድንኳንና ልብስ እንዲሰፉ፣ ሕፃናትም ከአሮጌ ጨርቅ የቁስል ማሸጊያ እንዲያዘጋጁ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ድርሻ ሰጠ።

የብሪታንያ ባሕር ኃይል የባሕሩን ንግድ በማወኩ፣ የባሩድን ሦስት አራተኛ የሚይዘውን ናይትሬት የተባለ ጨው ከውጭ ማስመጣት አዳጋች ሆነ። ሕዝቡም የምድር ቤቱንና የጋጣውን አፈር እያጠበ ጨዉን አወጣ። የቤተ ክርስቲያን ደወሎች ቀልጠው መድፍ ሆኑ። በ1794 መጀመሪያ ሞንዥንና ቤርቶሌን የመሳሰሉ ሊቃውንት ከየአውራጃው ለተላኩ 800 ያህል ሰዎች የባሩድና የመድፍ አሠራር በፓሪስ አስተማሩ።

ይሁን እንጂ ብዙ ባሩድና ብዙ ሠራተኛ በአንድ ስፍራ ተከማችቶ ነበርና፣ ኦገስት 31 ቀን 1794 የፓሪሱ የግሬኔል ባሩድ ፋብሪካ ሲፈነዳ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ።

እንግዲህ መሣሪያውን የሚወለውል፣ ባሩዱን ከእርጥበትና ከእሳት የሚጠብቅ ወታደር የሚጠብቀው ብረትና ዱቄት ብቻ አይደለም፤ የስንት ጓዳ ድካም፣ የስንት ሰው ሕይወት ያለበት አደራ ነው።