ደብዳቤው የኛ፣ ቁልፉ የሰው!

እንዴት ነው ነገሩ ጎበዝ? ፈረስ መጋላ ላይ ቆም ብዬ ከሱቁ ታፔላ እስከ መሥሪያ ቤቱ ማስታወቂያ ስቃኝ፣ የማየው የኢሜይል አድራሻ አብዛኛው ጂሜይል ወይ ያሁ ነው። ባለሱቁስ ይሁን፣ በነፃ ያገኘውን ይጠቀም። ማህተም ያለው መሥሪያ ቤት የሕዝብ ጉዳይ ባሕር ማዶ ባለ ኩባንያ ሣጥን ሲያስቀምጥ ግን ምን ይባላል? ሣጥኑን የከፈተው ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ይዞ ሥራ የለቀቀ ዕለት ዶሴውም አብሮት ሄደ ማለት ነው!

አጼ ምኒልክ ፖስታን በ1886 ዓ.ም. አቋቋሙ። ቴሌ ኢንተርኔት የጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። እስካሁን የራሳችን የደብዳቤ ሣጥን ይቸግረን?

«የራሳችንን ሰርቨር እንትከል» ሲባል ደግሞ አንዳንዱ ሹም የሚታየው ጨረታ ነው፤ በተጠቃሚ ቁጥር ፈቃድ እየተከፈለበት የሚሸጠውን ውድ ሶፍትዌር ለመግዛት። ኧረ ቀስ! ሶፍትዌር በዋጋው አይመረጥም። ሴንድሜይል የሚባለው ቀደምት ፕሮግራም ተቀባዩም፣ አመላላሹም፣ ባለሙሉ ሥልጣኑም ራሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 የሞሪስ ትል የተባለው የኮምፒዩተር ተባይ ከገባባቸው ቀዳዳዎች አንዱ እሱ ሆነ። በ1998 የወጣው ፖስትፊክስ ግን ሥራውን ከፋፈለው፤ አንዱ ይቀበላል፣ አንዱ ወረፋ ያስይዛል፣ አንዱ ያደርሳል፣ ሥልጣኑም በልክ ነው። ለሐረር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ የጀጎል በር ዘበኛ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ካልያዘ፣ እሱ ቢታለል እንኳ ግምጃው አይዘረፍም። ዋጋውስ ቢሉ ነፃ ነው!

«ነፃ ነገር ለብዙ ሰው አይበቃም» ለሚል መልስ አለኝ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1997 ሆትሜይልን ሲገዛ፣ በሚሊዮን የሚቆጠረውን ደንበኛ የሚያስተናግዱት ማሽኖች የሚሠሩት በዊንዶውስ አልነበረም፤ በነፃው ፍሪቢኤስዲና በሶላሪስ ነበር። ወደ ራሱ ዊንዶውስ ለማዛወር ዓመታት ፈጀበት።

እኛን የሚቸግረን ሰው ነው። ሌሊት ወረፋውን የሚያይ፣ ቅጂ የሚያስቀር፣ የማጭበርበሪያውን መልእክት የሚያጣራ ሰው። ለፈቃድ የሚወጣው ገንዘብ ለነዚህ ልጆች ደመወዝ ይሁን!

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ሰርቨሩ አገር ቤት ገባ ማለት ካድሬ ደብዳቤ ይክፈት ማለት አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ለፖስታ ደብዳቤም ሆነ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ለሚደረግ ግንኙነት ጥበቃ ሰጥቷል። ቁልፉን ከሰው አገር አስመጥተን ለጆሮ ጠቢ ካስረከብነው ምኑን ተገላገልነው? ልብ ያለው ልብ ይበል!